በጨለማ የሚያበራ ቀለም እቤት መሥራት፦ ከዱቄቱ ግዢ እስከ ደረጃው ጠርዝ

ያን ምሽት መብራት ሄዶ ነበር። እናቴ ለቅሶ ደርሳ ስትመለስ የኮንዶሚኒየማችንን ደረጃ ግድግዳውን እየዳበሰች ወጣች። ስልኳ ቻርጅ ጨርሷል። እቤት ልትደርስ አንድ ደረጃ ሲቀራት ጠርዙን ሳተችው። ጉልበቷ አብጦ ሁለት ሳምንት ሙሉ በምርኩዝ ሄደች።

የእጅ ባትሪ ገዛሁላት። በሩ አጠገብ ሻማ አስቀመጥን። ግን የእጅ ባትሪ በተፈለገበት ሰዓት አይገኝም። ሻማም ቢሆን መጀመሪያ በጨለማ ክብሪቱን ፈልጉልኝ ይላል። እኔ የፈለግኩት ማንም ሳያበራው በራሱ የሚታይ ነገር ነው። ደረጃው ራሱ «ጠርዜ እዚህ ጋ ነው» እንዲላት። በጨለማ የሚያበራ ቀለም መሥራት የጀመርኩት ለዚህ ነው።

ሦስት ጊዜ ሠራሁት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ተበላሹ። ሦስተኛው እስካሁን ያበራል። ከሦስቱም የተማርኩትን ቅደም ተከተሉን ጠብቄ እጽፍላችኋለሁ። ከወዲሁ አንድ ነገር ልበል፤ መቀላቀሉ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ቀለሙ የሚደምቀው ወይም የሚደበዝዘው በምትገዙት ዱቄት፣ ከስሩ በምትቀቡት ነጭ መደብና ስንት እጅ በመደራረባችሁ ነው። ጊዜያችሁንና ገንዘባችሁን እዚያ ላይ አውሉ።

መጀመሪያ የማያዋጣውን እንተው

ኢንተርኔት ላይ «እቤት ባለ ነገር ብቻ ይሥሩ» የሚል ቪዲዮ ሞልቷል። ለስላሳ መጠጥ ውስጥ ቤኪንግ ሶዳና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይጨምሩና ጠርሙሱ ቦግ ይላል። ውሸት ነው። እዚያ ቪዲዮ ላይ የሚያበራው ልጆች በኮንሰርትና በልደት ቀን የሚሰብሩት የሚያበራ ዘንግ ፈሳሽ ነው። ካሜራው ሳያየው ጠርሙሱ ውስጥ ገብቷል። እናንተ ሦስቱን ብትቀላቅሉ የምታገኙት አረፋ ብቻ ነው።

ዘንጉን ቆርጦ ፈሳሹን ቀለም ላይ መጨመርም ይቅር። ውስጡ ቀጭን የመስታወት ቱቦ አለ። ስንሰብረው ቀጭ የሚለው እሱ ነው። ዘንጉ ሲቆረጥ ስብርባሪው ከፈሳሹ ጋር ይወጣል። ፈሳሹ ራሱ ዓይንና ቆዳ ያስቆጣል። ብርሃኑም ከኬሚካሎች መዋሃድ የሚመጣ ስለሆነ በጥቂት ሰዓታት ያልቃል፤ አለቀ ማለት አለቀ ነው፣ እንደገና አይሞላም።

የሃይላይተር ቀለምና ቶኒክ ውሃም ይነሣሉ። ሁለቱም እውነት ያበራሉ፤ ቶኒክ ውሃ ውስጥ ኪኒን ስላለ ነው። ግን የሚያበሩት አልትራቫዮሌት መብራት እላያቸው ላይ በርቶ ሳለ ብቻ ነው። መብራቱ ሲጠፋ አብረው ይጠፋሉ። ለፓርቲ ያምራሉ፣ መብራት ለሄደ ምሽት ግን አይረቡም።

የሚሠራው ምንድን ነው?

የሚሠራው ስትሮንቲየም አሉሚኔት የሚባል ዱቄት ነው። በውስጡ በጣም ጥቂት ዩሮፒየምና ዲስፕሮሲየም የሚባሉ ንጥረ ነገሮች ተጨምረውበታል። ብርሃን ሲያርፍበት ኤሌክትሮኖቹ ጉልበት ያገኙና ከቦታቸው ይነሣሉ። ከፊሎቹ ወዲያው አይመለሱም፤ ክሪስታሉ ውስጥ እንደ ጉድጓድ ባለ ቦታ ይያዛሉ። ከዚያ የአካባቢው ሙቀት እየነቀነቀ አንድ በአንድ ያወጣቸዋል። ወደ ቦታቸው ሲመለሱ የያዙትን ጉልበት በአረንጓዴ ብርሃን ይለቁታል።

እኔ ለእናቴ ያስረዳኋት በሮቶ ነው። ውሃ በመጣ ቀን ሮቶውን እንሞላለን፣ በጠፋ ቀን ከሱ እንቀዳለን። ሮቶው ሙሉ ሲሆን ቧንቧው በኃይል ይወርዳል፣ እየጎደለ ሲሄድ ይቀጥናል፣ ግን ረጅም ሰዓት ጠብ ጠብ ማለቱን አያቆምም። ቀለሙም እንዲሁ ነው። መብራት እንደጠፋ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች በጣም ይደምቃል። ከዚያ ቶሎ ይቀንሳል። ከዚያ በኋላ ያለው ደብዛዛ ብርሃን ግን ሌሊቱን ሙሉ ይቆያል።

ሰው ስሙን ሲሰማ ፎስፈረስ ይመስለዋል። አይደለም፣ ፎስፈረስ የለበትም። ነጭ ፎስፈረስ በአየር ውስጥ በራሱ የሚቀጣጠል መርዝ ነው። እቤት የሚገባ ነገር አይደለም።

ሌላው የሚፈራው ጨረር ነው። ይህ ፍርሃት ከመሬት አልተነሣም። እ.ኤ.አ. ከ1917 ጀምሮ በአሜሪካ ኒው ጀርሲ፣ ኦሬንጅ በምትባል ከተማ ወጣት ሴቶች የሰዓት ቁጥሮችን ራዲየም ባለበት ቀለም ይቀቡ ነበር። የብሩሹን ጫፍ በከንፈራቸው እንዲያሾሉት ተነግሯቸው ነበር። ራዲየሙ አጥንታቸው ውስጥ ገባ። መንጋጋቸው እየተሰባበረ፣ ደማቸው እያነሰ በርካቶች ሞቱ። ከሴቶቹ አምስቱ ኩባንያውን ከሰው እ.ኤ.አ. በ1928 በስምምነት ካሳ አገኙ። ይህን ታሪክ ባነሣሁ ቁጥር አዝናለሁ፤ ሴቶቹን የሚቀቡት ነገር አይጎዳም ይሏቸው ነበር።

ስትሮንቲየም አሉሚኔት ግን ጨረር የለውም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የጃፓኑ ኔሞቶ ኩባንያ ያወጣው ልክ ሰዓት ሠሪዎች ጨረር ካለባቸው ቀለሞች እንዲገላገሉ ነው። ስሙ ላይ «ስትሮንቲየም» ስላለ የኒውክሌር ፍንዳታ ላይ የሚነሣው ስትሮንቲየም 90 ትዝ የሚለው ሰው ካለ፣ ያ ሌላ ነው። ይሄ ከድንጋይ የሚወጣው ተራ ስትሮንቲየም ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። ከአያት የተወረሰ፣ እ.ኤ.አ. ከ1970 በፊት የተሠራ የሚያበራ ሰዓት እቤት ካላችሁ ከፍታችሁ ቀለሙን አትፋቁት። ራዲየም ሊኖርበት ይችላል፤ ማብራት ቢያቆምም ራዲየሙ አይጠፋም። ግማሹ እስኪያልቅ ብቻ 1600 ዓመት ይፈጃል።

ዱቄቱን ስትገዙ

ዱቄቱን የሚሸጡ በኦንላይን በብዛት አሉ። ውጭ የሚኖር ዘመድ ካላችሁ ሲመጣ እንዲይዝላችሁ ብታዙት ይቀላል፤ ለአንድ ቤት 100 ግራም ይበቃል። ስታዙ ግን አራት ነገር ጠይቁ።

የመጀመሪያው ስሙ ነው። «የሚያበራ ዱቄት» የሚለው አይበቃም። ስትሮንቲየም አሉሚኔት ተብሎ መጻፍ አለበት። ርካሹና አሮጌው ዓይነት ዚንክ ሰልፋይድ ነው። እሱም ያበራል፣ ግን ብዙውን ጊዜ ሰዓት ሳይሞላው ይጠፋል። አሻንጉሊት ላይ ያሉት ደብዛዛ ኮከቦች ብዙዎቹ ከሱ የተሠሩ ናቸው። ምንነቱ ያልታወቀ ዱቄት እጃችሁ ከገባ መሞከሪያው ቀላል ነው። ትንሽ ቆንጥራችሁ በፕላስቲክ ከረጢት አሽጉና ፀሐይ ላይ አሥር ደቂቃ አቆዩት። ማታ መሳቢያ ውስጥ ክተቱት። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ስትነሡ መብራት ሳታበሩ መሳቢያውን ክፈቱ። ካያችሁት ስትሮንቲየም አሉሚኔት ነው።

ሁለተኛው ሽፋን ነው። እኔን ሁለተኛው ሙከራዬ ላይ ያበላሸብኝ ይሄ ነው። ያልተሸፈነ ዱቄት ከውሃ ጋር አይስማማም። ውሃ ሲነካው ክሪስታሉ ይፈርሳል፣ ብርሃኑም ይሞታል። ያልተሸፈነውን ውሃ ባለበት ማጣበቂያ በጠብኩት። በዚያው ምሽት አምሮ አበራ። ከጥቂት ቀን በኋላ ማሰሮውን ስከፍት ከስሩ እንደ ሲሚንቶ ደርቆ አገኘሁት። ሰብሬ ወደ ጨለማ ወሰድኩት፤ አንድም የሚያበራ ነገር የለም። ስለዚህ በውሃ የሚበጠብጥ ሰው ውሃ እንዳያስገባ የተሸፈነውን ይግዛ። በዘይት ቫርኒሽ ወይም በኢፖክሲ ሬዚን (ሁለት ፈሳሽ ሲቀላቀል የሚጠነክር ሙጫ) ለሚሠራ ሰው ያልተሸፈነውም ይሆናል።

ሦስተኛው የቅንጣቱ መጠን ነው። በማይክሮን (የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ) ይጻፋል። ቅንጣቱ ትልቅ ሲሆን የበለጠ ያበራል፣ ግን ላዩ ይሻክራል፤ ሲደቅ ይለሰልሳል፣ ብርሃኑ ይቀንሳል። በብሩሽ ለመቀባት ከ30 እስከ 50 ማይክሮን ያለው ለኔ ተስማምቶኛል። ትልቁን ገዝታችሁ እቤት በሙቀጫ ልታደቁት እንዳታስቡ። ክሪስታሉ ሲፈጭ ይሞታል።

አራተኛው ቀለሙ ነው። አረንጓዴውን ውሰዱ። ከሁሉም የሚደምቀውና የሚቆየው እሱ ነው። የዓይናችን የሌሊት ሕዋሳት ደግሞ በአረንጓዴና በሰማያዊ መካከል ላለ ብርሃን ይበልጥ ንቁ ናቸው። ሰማያዊ አረንጓዴው ይከተለዋል። ቀይ፣ ብርቱካናማና ሮዝ ቀን ላይ ያምራሉ፤ ማታ ግን በጣም ደካማ ናቸው። ደረጃ ላይ አይቀቡም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

የኔን ደረጃ ምሳሌ አድርጌ ልናገር። አሥር ደረጃዎች፣ እያንዳንዳቸው 90 ሳንቲሜትር ወርድ፣ በ3 ሳንቲሜትር ስፋት መስመር። ሁሉም ሲደመር ከአንድ ካሬ ሜትር ሩብ ትንሽ ይበልጣል። ለዚህ ሦስት እጅ ለመቀባት 50 ግራም ዱቄትና 115 ግራም ያህል ቫርኒሽ በቅቶኛል።

ቫርኒሹ ውሃ የመሰለ ጥርት ያለ ይሁን። እንጨት ለማጥቆር ቀለም የተጨመረበት አይሆንም። ማር የመሰለ ቢጫ ቫርኒሽም አይሆንም፤ ዱቄቱን የሚሞላውን ሰማያዊና አልትራቫዮሌት ብርሃን ያስቀርበታል። ቆርቆሮው ላይ «ከፀሐይ ይከላከላል» የሚል ካለም ተዉት፤ አልትራቫዮሌቱን የሚከለክል ነገር ተጨምሮበታል ማለት ነው።

የመጀመሪያው ስህተቴ እዚህ ጋ ነበር። ነጭ ያንጸባርቃል ብዬ ዱቄቱን ነጭ ፕላስቲክ ቀለም ውስጥ ጨመርኩት። ነጩ ቀለም ዱቄቱን ሸፈነው። ብርሃን ወደ ውስጥ አልገባም፣ የገባውም አልወጣም። ነጭ ከስር ይቀባል እንጂ አብሮ አይቀላቀልም።

ሌላው ቀላል ነው፦ ነጭ ቀለም ለመደብ፣ ለስላሳ ፔኔሎ፣ የወረቀት ፕላስተር፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ የእንጨት ማማሰያ፣ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ወይም የጠርሙስ ዕቃ፣ ግራም የሚያሳይ የኩሽና ሚዛን፣ ማስክ፣ ጓንት። ቫርኒሹ የዘይት ከሆነ ፔኔሎውን ለማጠብ አኳራጃ ጨምሩ።

አሠራሩ

1. ቦታውን ምረጡ። ቀለሙ ብርሃን ካላገኘ አይሞላም። ቀን ብርሃን የሚገባበት ወይም ማታ አምፖል የሚበራበት ቦታ ይሁን። ደረጃ ከሆነ ላዩን ሙሉ በሙሉ አትቀቡ። ቫርኒሽ ያንሸራትታል፣ በተለይ በእርጥብ ጫማ። እኔ የቀባሁት የምንረግጠውን ሳይሆን ወደኛ የቆመውን ፊት ከላይኛው ጫፉ ላይ ነው። ሲወጡ ፊት ለፊት ይታያል። ለሚወርድ ሰው ግን የቆመው ፊት አይታይም፤ ስለዚህ በግድግዳው በኩል በየደረጃው ጥግ የጣት ርዝመት ያላትን አንዲት መስመር ላዩ ላይ ጨመርኩ። እግር እዚያ ጥግ ላይ እምብዛም አያርፍም። የኮንዶሚኒየም ደረጃ የጋራ ነውና ጎረቤትና ኮሚቴውን አስቀድማችሁ አነጋግሩ። እኛ ጋ አንድም የተቃወመ አልነበረም። እንዲያውም የታችኛው ፎቅ ሰዎች የነሱንም እንድቀባ ጠየቁኝ።

2. አጽዱ። በሳሙና እጠቡና ሙሉ ቀን አድርቁ። ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ሻከር አድርጉት፣ ትቢያውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። ሴራሚክ ወይም የተወለወለ ድንጋይ ከሆነ ይህን አትዝለሉ፤ ቀለሙ በአንድ ወር ይላጣል።

3. ነጭ መደብ ቀቡ። በወረቀት ፕላስተር መስመሩን ለዩና ሁለት እጅ ነጭ ቀለም ቀቡ። ምክንያቱ ይህ ነው። ዱቄቱ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ያበራል፤ ወደ ግድግዳው የሚሄደውን ነጩ መልሶ ወደኛ ይልከዋል። ግራጫ ሲሚንቶ ወይም ጥቁር ነገር ግን ይውጠዋል። እኔ አንዱን ደረጃ ለመሞከር ያለ ነጭ ቀብቼው ነበር። ማታ ከጎኖቹ ጋር ሲታይ ያልበራ እስኪመስል ድረስ ያስታውቃል። በማግስቱ ፈግፍጌ ነጭ ቀባሁት።

4. መዝኑ። ለመነሻ ከአሥሩ ሦስት እጅ ዱቄት፣ ሰባት እጅ ቫርኒሽ በክብደት። 30 ግራም በ70 ግራም ማለት ነው። በማንኪያ አትለኩ፤ ዱቄቱ ከባድ ስለሆነ ያሳስታችኋል። ከሃያ በመቶ ካነሰ ይደበዝዛል። ከግማሽ ከበለጠ ደግሞ ቫርኒሹ አያጣብቀውም፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ይረግፋል።

ዱቄቱን ከመክፈታችሁ በፊት ማስክ አድርጉ፣ ማራገቢያ ካለ አጥፉ። መርዝ አይደለም፣ ግን ማንኛውም ደቃቅ የማዕድን ዱቄት ሳንባ ውስጥ መግባት የለበትም። ሕፃናት አጠገብ አይኑሩ።

5. ቀላቅሉ። ቫርኒሹን መጀመሪያ ዕቃው ውስጥ አድርጉ። ዱቄቱን ሦስት ቦታ ከፍላችሁ እየነሰነሳችሁ በእንጨት ቀስ ብላችሁ አማስሉ። በብረት ማንኪያ አታማስሉ። ክሪስታሉ ጠንካራ ስለሆነ ብረቱን ይፍቀዋል፤ የተፋቀው ብረት ቀለሙን ግራጫ ያደርገዋል፣ ብርሃኑንም ይቀንሰዋል። ሚክሰርም በተመሳሳይ ምክንያት አይሆንም። ውፍረቱ እንደ እንጀራ ሊጥ ሲሆን ጥሩ ነው፤ ከእንጨቱ ላይ ሲወርድ የማይቆራረጥ፣ ግን እንደ ውሃ የማይሮጥ። ከወፈረባችሁ ቫርኒሹ የዘይት ከሆነ ጥቂት ጠብታ አኳራጃ ጨምሩ። አብዝታችሁ አታቅጥኑት፤ ከቀጠነ ዱቄቱን መሸከም ያቅተዋል። ከዚያ ክዳኑን ገጥማችሁ አረፋው እስኪወጣ አሥር ደቂቃ ተዉት።

ስትመለሱ ዱቄቱ ከስር ዘቅጦ ታገኙታላችሁ። እንደ ጠላ አተላ ቁጭ ይላል። አልተበላሸም። ዱቄቱ ከቫርኒሹ በጣም ስለሚከብድ ነው። እንደገና አማስሉ። ቀብታችሁ እስክትጨርሱም በየሁለት ደረጃው አማስሉ። ካለዚያ የመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች ቫርኒሽ ብቻ፣ የመጨረሻዎቹ አሸዋ ይሆናሉ።

6. በካርቶን ሞክሩ። ነጭ ካርቶን ላይ ጎን ለጎን አንድ እጅ፣ ሁለት እጅ፣ ሦስት እጅ ቀብታችሁ አድርቁ። ፀሐይ አስመቱትና ሽንት ቤት ገብታችሁ በሩን ዝጉ፤ በዚያ ቤት ውስጥ ከሱ የሚሻል ጨለማ አይገኝም። ከስንት እጅ በኋላ ልዩነቱ እንደሚያንስ በዓይናችሁ ታያላችሁ። እኔ ጋ ከአንድ ወደ ሁለት ያለው ልዩነት ትልቅ ነው። ከሦስት በኋላ ያለው ግን ለገንዘቡ የሚያወጣ አይደለም።

7. ቀቡ። መስኮት ክፈቱ። የዘይት ቫርኒሽና አኳራጃ በቀላሉ ይቀጣጠላሉ፤ በዚያ ሰዓት አጠገቡ ከሰል አይያያዝ፣ ቡና አይፈላ። ፔኔሎውን በደንብ ነክራችሁ በአንድ አቅጣጫ ብቻ አስኪዱት። ወዲያና ወዲህ ስትመልሱት የቀባችሁትን መልሳችሁ ትጠርጋላችሁ። እዚህ ላይ ቀለም ቀቢዎች ከለመዱት ይለያል፤ ግድግዳ ሲቀባ ስስ አድርጎ ማሰራጨት ነው ሙያው፣ እዚህ ግን ዱቄቱ እንዲከማች ነው የሚፈለገው። ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን የመድረቂያ ጊዜ ጠብቃችሁ ሁለተኛውን፣ ከዚያ ሦስተኛውን ደግሙ።

በየመሃሉ መብራት አጥፍታችሁ እዩት። ቀን ላይ ሁሉም አንድ ዓይነት ፈዛዛ ቢጫ ነው፣ ምንም አይለይም። በጨለማ ግን ያመለጣችሁ ቦታ ሁሉ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ቦታውን በእርሳስ ምልክት አድርጉና በሚቀጥለው እጅ ሙሉት።

8. ሸፍኑ። ሲደርቅ ዱቄት የሌለበት ጥርት ያለ ቫርኒሽ አንድ እጅ ደርቡበት። ከመቧጨርና ከእርጥበት ይጠብቀዋል። በተለይ ያልተሸፈነውን ዱቄት ከተጠቀማችሁ ይህ ግዴታ ነው፤ ደረጃ በየሳምንቱ ይታጠባል። ፕላስተሩን ይህ የመጨረሻው እጅ ጨርሶ ድርቅ ከማለቱ በፊት ቀስ ብላችሁ አንሡ፣ አለዚያ ጠርዙን ይዞት ይነሣል።

አሞላሉ

ፀሐይ በአምስት አሥር ደቂቃ ትሞላዋለች። ጥላ ላይ ያለ የቀን ብርሃንም ይበቃል፣ ጊዜ ብቻ ይወስዳል። ነጭ ኤልኢዲ አምፖል ሰማያዊ ብርሃን ስላለው በግማሽ ሰዓት ጥሩ አድርጎ ይሞላል። የድሮው ቢጫ አምፖል ግን ለዚህ ሥራ ደካማ ነው። ደረጃችን ላይ ቢጫ አምፖል ነበር፤ በነጭ ኤልኢዲ ስቀይረው ልዩነቱ ያለ ምንም ተጨማሪ ቀለም ታየ። አምፖሉ ከምሽቱ 1 ሰዓት ጀምሮ ይበራል። መብራት 2 ሰዓት ላይ ቢሄድ ደረጃው ሙሉ ነው።

ይህን ቀለም ስትቀቡ የምትጠብቁትንም እወቁ። እንደ አምፖል አካባቢውን አያበራም፣ መጽሐፍ አያስነብብም። ራሱን ብቻ ነው የሚያሳየው። ለደረጃ ግን የሚፈለገው ያ ነው። ኒው ዮርክ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1993 የዓለም ንግድ ማዕከል ላይ ቦምብ ከፈነዳ በኋላ የሕንፃው መውጫ ደረጃዎች በዚህ ዓይነት ቀለም ምልክት ተደረገባቸው። እ.ኤ.አ. በ2001 ሰዎች ከሕንፃዎቹ ሲሸሹ ምልክቱ ረድቷቸዋል። ከተማዋ በኋላ ለረጃጅም የቢሮ ሕንፃዎች በሕግ ግዴታ አደረገችው።

ዓይንም ጊዜ ይፈልጋል። ከብሩህ ስክሪን ቀና ብላችሁ ደረጃውን ብታዩት «አይበራም» ትላላችሁ። ዓይን ጨለማን በደንብ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይወስድበታል። በብርድ ጊዜ ትንሽ ደብዘዝ ካለባችሁም አትደንግጡ። ኤሌክትሮኖቹን የሚያወጣቸው ሙቀት ነው ብዬ አልነበር? ሲበርድ ቀስ ብለው ይወጣሉ፤ ያው በዚያው ልክ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያሉ።

የት አይቀባም?

ሳህን፣ ብርጭቆና ምግብ የሚነካ ማንኛውም ነገር ላይ አይቀባም። ሕፃን አፉ ውስጥ የሚያስገባው አሻንጉሊትና የአልጋው ፍርግርግ ላይም አይቀባም። ፊትና ጥፍር ላይ አይቀባም፤ ለቆዳ ተብሎ የተሠራ ሌላ አለ። የልጆች ክፍል ጣሪያ ላይ ኮከብ መሥራት ግን በጣም ያምራል። በስፖንጅ ጫፍ ነጠብጣብ እያደረጋችሁ፣ አንዳንዱን በአንድ እጅ አንዳንዱን በሦስት እጅ ብትሠሩት የተለያየ ድምቀት ያለው ሰማይ ይሆናል። ጣሪያው ነጭ ስለሆነ መደብም አያስፈልገውም።

የተረፈውን ቀለም ክዳኑን አጥብቃችሁ፣ ቀኑን ጽፋችሁበት፣ ጥላ ቦታ አስቀምጡ። ቫርኒሽ ቆይቶ ስለሚረጋ በጥቂት ወራት ውስጥ ብትጨርሱት ይሻላል። ደረቁ ዱቄት ግን እርጥበት ካልነካው ዓመታት ይቆያል። ስለዚህ ለሥራው የሚበቃውን ብቻ በጥብጡ።

የኛ ደረጃ ከተቀባ በኋላ መብራት መጀመሪያ የሄደው አንድ ማክሰኞ ማታ ነው። እናቴ ታች ቤት ቡና ጠጥታ ልትመለስ ነበር። በሩን ከፍቼ ከላይ ሆኜ ጠበቅኋት። አሥር አረንጓዴ መስመሮች ከጨለማው ውስጥ ወጥተው ተደርድረዋል። በመሃላቸው የነጠላዋ ጥላ አንዱን መስመር እየጋረደ፣ እየለቀቀ ወደ ላይ መጣ። እጇ ግድግዳው ላይ አልነበረም።

እላይ ስትደርስ ዞር ብላ ቁልቁል አየችው። «እማዬ፣ ታየሽ?» አልኳት።

«ታየኝ እንጂ ልጄ» አለች። «የክብሪቱን መሳቢያ ነገ ቀባልኝ።»